1147 እና 1271 የሚጋሩት ቁጥር፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ለዚህ እትም ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል አራቱ ስለ ትልቁ የጋራ አካፋይ የሚጠይቁ በመሆናቸው ዓምዱን በሙሉ ለእነርሱ ሰጥተነዋል። የመጀመሪያው ጥያቄ የጉዳዩን ሥር ስለሚነካ መልሱ ከሌሎቹ ይረዝማል። የቀሩትም ቢሆኑ በየመንገዳቸው ወደ እርሱ የሚመለሱ ናቸው።

ጥያቄ፦ ልጄን ሒሳብ ሳስጠና 1147/1271 የተባለውን ክፍልፋይ የመጨረሻ ቀላል መልኩ እስኪደርስ እንድናቃልል የሚያዝ መልመጃ ገጠመን። ላዕሉንም ታህቱንም በ2፣ በ3፣ በ5፣ በ7፣ በ11 እና በ13 ብናካፍል ሁልጊዜ ቀሪ ስለ ተረፈ፣ ሁለቱ ቁጥሮች ከ1 በቀር የጋራ አካፋይ የላቸውም ብለን ደመደምን። ከመጽሐፉ መጨረሻ ያለው መልስ ግን 37/41 ይላል። መሞከር የነበረብን እስከ የትኛው ቁጥር ድረስ ነው? ከግምት የሚያድን መንገድስ አለ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ማካፈሉን በሚገባ ሠርታችኋል፤ የተሳሳታችሁት መሞከሩን ያቆማችሁበት ቦታ ላይ ነው። ከ13 በኋላ የሚመጡትን ብቸኛ ቁጥሮች፣ ማለትም ከ1 እና ከራሳቸው በስተቀር በሌላ ቁጥር የማይካፈሉትን፣ በተራ ብትሞክሩ ኖሮ 17፣ 19፣ 23 እና 29 እንደ ቀደሙት ቀሪ ይተዉባችሁ ነበር፤ ቀጣዩ 31 ግን ሁለቱንም ያለ ቀሪ ያካፍላል። 1147 ማለት 31 ሲባዛ በ37 ነው፤ 1271 ደግሞ 31 ሲባዛ በ41 ነው። ይሁን እንጂ አንድ ሰው አሥራ አንድ ብቸኛ ቁጥሮችን ሞክሮ መልሱ ላይ ቢደርስ እንኳ መንገዱን አገኘ ለማለት ያስቸግራል፤ ቁጥሮቹ ጥቂት አኃዝ በጨመሩ ቁጥር ድካሙ እየበዛ ይመለስበታልና።

«እስከ የትኛው ቁጥር ድረስ» ለሚለው ጥያቄያችሁ ብዙ ሰው የሚሰጠውን መልስ ቀድሜ ላስጠንቅቃችሁ እወዳለሁ። አንድ ቁጥር ብቸኛ መሆኑን ለማረጋገጥ እስከ ዳግም ዘሩ ድረስ፣ ማለትም በራሱ ሲባዛ ያንን ቁጥር እስከሚሰጠው ድረስ፣ መሞከር በቂ መሆኑ የታወቀ ነው። ይህን ደንብ በቀጥታ ወደ የጋራ አካፋይ ፍለጋ የሚያዛውር ሰው ግን ይሳሳታል። 74ን እና 111ን እንውሰድ። የ74 ዳግም ዘር በ8 እና በ9 መካከል ስለሆነ ሞካሪው 2ን፣ 3ን፣ 5ን እና 7ን ይፈትናል። 2 የመጀመሪያውን ብቻ፣ 3 ሁለተኛውን ብቻ ያካፍላል፤ 5 እና 7 አንዳቸውንም አያካፍሉም። ስለዚህ «የጋራ አካፋይ የለም» ብሎ ይነሣል። ነገር ግን 74 ማለት 2 ሲባዛ በ37፣ 111 ማለት 3 ሲባዛ በ37 ነው። የጋራ አካፋያቸው 37 ከዳግም ዘሩ እጅግ ርቆ ተቀምጦ ነበር። ደንቡ የሚሠራው እያንዳንዱን አካፋይ ባገኘን ቁጥር ቁጥሩን በእርሱ አካፍለን የተረፈውንም ከመረመርን ብቻ ነው፤ ይህን የማያደርግ ሰው ከእጁ የሚያመልጠው ብዙ ጊዜ ዋናውና ትልቁ አካፋይ ነው።

ከግምት የሚያድነው መንገድ የሚጀምረው ቁጥሮቹን ለየብቻ ከመመርመር ሳይሆን በመካከላቸው ያለውን ልዩነት ከመመልከት ነው። ከ1271 ላይ 1147 ሲቀነስ 124 ይቀራል። አሁን 1271 አርባ አንድ «ሠላሳ አንዶች» መሆኑን፣ 1147 ደግሞ ሠላሳ ሰባት «ሠላሳ አንዶች» መሆኑን አስታውሱ። ከአርባ አንዱ ላይ ሠላሳ ሰባቱ ሲነሡ የሚተርፈው የግድ አራት «ሠላሳ አንዶች» ነው፤ ሌላ ሊሆን አይችልም። ይህ ለ31 ብቻ የተሰጠ ጠባይ አይደለም። ሁለት ቁጥሮችን ያለ ቀሪ የሚያካፍል ማንኛውም ቁጥር ልዩነታቸውንም ያለ ቀሪ ያካፍላል። እናንተ ይህን ይዛችሁ ቢሆን ኖሮ መልሱን ከመጽሐፉ መጨረሻ ሳታዩ የምትፈልጉት አካፋይ በ124 አካፋዮች መካከል እንዳለ ታውቁ ነበር፤ እነርሱም 1፣ 2፣ 4፣ 31፣ 62 እና 124 ብቻ ናቸው። ሁለቱም ቁጥሮች ተጋማሽ ስላልሆኑ ከእነዚህ ውስጥ ተጋማሾቹ ይወድቃሉ፤ የሚቀሩት 1 እና 31 ይሆናሉ። ስድስት ከንቱ ሙከራ አድርጋችሁ ያጣችሁትን አንድ መቀነስ ወደ አንድ ሙከራ ያወርደዋል።

ብዙ ማብራሪያዎች እዚህ ላይ ይቆማሉ፤ ግማሹ ነገር ግን ገና አልተነገረም። የጋራ አካፋይ ሁሉ ልዩነቱን ማካፈሉ ብቻውን፣ በመቀነሱ ሳቢያ ከመጀመሪያው ያልነበረ አዲስ የጋራ አካፋይ አለመፈጠሩን አያረጋግጥም። የሚያረጋግጠው የተገላቢጦሹ ነው። 124ን እና 1147ን ያለ ቀሪ የሚያካፍል ቁጥር ሁሉ ድምራቸውንም ያካፍላል፤ ድምራቸው ደግሞ ራሱ 1271 ነው። ስለዚህ የ1271 እና የ1147 የጋራ አካፋዮች ዝርዝር ከ1147 እና ከ124 የጋራ አካፋዮች ዝርዝር ጋር አንድ ነው፤ ከዝርዝሩ የጎደለም የተጨመረበትም የለም። ዝርዝሮቹ አንድ ከሆኑ ትልቆቻቸውም አንድ ናቸው። ይህን ሁለተኛውን ግማሽ የተረዳ ተማሪ ስልቱን ቢረሳ እንኳ ከራሱ አእምሮ መልሶ ሊያወጣው ስለሚችል፣ ከልጅዎ ጋር ጥቂት ጊዜ እንድትሰጡት አደራ እላለሁ።

ከዚህ በኋላ ሥራው ያንኑ መደጋገም ነው። 1147 ላይ 124ን ደጋግመን ብንቀንስ ከዘጠኝ ጊዜ በኋላ 31 ይቀራል። ዘጠኝ ጊዜ መቀነስ ማለት አንድ ጊዜ አካፍሎ ቀሪውን መያዝ ስለሆነ፣ ወረቀት ላይ የምንጽፈው «1147 ለ124 ሲካፈል ድርሻው 9፣ ቀሪው 31» የሚለውን ብቻ ነው። ቀጥሎ 124 ለ31 ሲካፈል ድርሻው 4 ሆኖ ቀሪ አይተውም። ቀሪው ዜሮ ከሆነበት እርምጃ በፊት በመጨረሻ ያገኘነው ቀሪ 31 ስለሆነ ትልቁ የጋራ አካፋይ እርሱ ነው። ሦስት ማካፈል ብቻ አስፈለገን፤ ከመካከላቸው አንዱም በግምት የተሠራ አይደለም።

ይህ ስልት በዩክሊድ ስም ይጠራል። ዩክሊድ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ300 ዓመት ገደማ በእስክንድርያ ያስተምር የነበረ ሲሆን፣ ስልቱን «ኤለመንትስ» በተባለው ሥራው በሰባተኛው መጽሐፍ መክፈቻ ላይ አስፍሮታል። እርሱም ያቀረበው በማካፈል ሳይሆን ትንሹን ከትልቁ እያፈራረቁ በመቀነስ ነበር። በጥንታዊት ቻይና «ዘጠኙ ምዕራፎች» በመባል በሚታወቀው የሒሳብ መጽሐፍ ውስጥም ያው ሐሳብ እናንተን እንደ ገጠማችሁ ላለ ክፍልፋይን የማቃለል ጥያቄ ውሏል። በዚያ ከተሰጡት ምሳሌዎች አንዱ 49/91 ነው። 91 ላይ 49 ሲቀነስ 42፣ 49 ላይ 42 ሲቀነስ 7፣ ከ42 ላይ ደግሞ 7 አምስት ጊዜ ሲቀነስ 7 ይቀራል። ሁለቱ ወገኖች እኩል ሲሆኑ መቀነሱ ያበቃል፤ ክፍልፋዩም በ7 ተካፍሎ 7/13 ይሆናል።

ነገሩን በዓይን ለማየት ለሚሻ ልጅ አራት ማዕዘን ወረቀት ጥሩ አስተማሪ ነው። ቁመቱ 84 ሴንቲ ሜትር፣ ወርዱ 60 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ወረቀት ላይ ጎኑ 60 የሆነ አንድ ካሬ ብንቆርጥ 60 በ24 የሆነ ቁራጭ ይተርፋል። ከዚህ ጎናቸው 24 የሆኑ ሁለት ካሬዎች ሲወጡ 24 በ12 ይቀራል፤ ይህም ጎናቸው 12 በሆኑ ሁለት ካሬዎች ያለ ትርፍ ያልቃል። የ84 እና የ60 ትልቁ የጋራ አካፋይ 12 ነው፤ የመጀመሪያውን ወረቀት በሙሉ ያለ ብክነት የሚሸፍኑት ትልልቆቹ እኩል ካሬዎችም ጎናቸው 12 የሆነ 35 ካሬዎች ናቸው።

ስልቱ ምን ያህል እንደሚያፈጥን የሚነግር የተረጋገጠ ወሰንም አለ። ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ገብርኤል ላሜ እ.ኤ.አ. በ1844 እንዳሳየው፣ የሚያስፈልገው የማካፈል ብዛት ከትንሹ ቁጥር አኃዞች ብዛት አምስት እጥፍ አይበልጥም። የእናንተ ትንሹ ቁጥር አራት አኃዝ ስላለው ቢበዛ ቢበዛ 20 ማካፈል ይበቃ ነበር ማለት ነው። ወደ ወሰኑ በጣም የሚጠጉት 1፣ 2፣ 3፣ 5፣ 8፣ 13 እያሉ እያንዳንዱ የቀደሙት የሁለቱ ድምር ሆኖ በሚሄደው ረድፍ ውስጥ ጎን ለጎን የሚገኙ ቁጥሮች ናቸው። ለምሳሌ 89 እና 55 ከ1 በቀር የሚጋሩት ባይኖርም ያንን ለማረጋገጥ ዘጠኝ ማካፈል ይጠይቃሉ፤ ወሰኑ 10 ነበር። ቁጥሮችን በብቸኛ አካፋዮቻቸው መዘርዘር፣ ማለትም ተባዝተው የሚሰጧቸውን ብቸኛ ቁጥሮች ፈልጎ ማግኘት፣ ግን እንዲህ ያለ ጸጋ የለውም። 250 አኃዝ ያለውና የሁለት ትልልቅ ብቸኛ ቁጥሮች ብዜት የሆነ አንድ ቁጥር እ.ኤ.አ. በ2020 በብዙ ኮምፒውተሮች ከፍተኛ ሥራ ተፈትቷል፤ እንዲያ ያሉ የሁለት ቁጥሮችን ትልቁን የጋራ አካፋይ በዩክሊድ ስልት ማግኘት ግን ለአንድ ተራ ኮምፒውተር የዓይን ጥቅሻ ያህል ነው።

ጥያቄ፦ መምህር ነኝ። ተማሪዎቼ ቁጥሮችን በብቸኛ አካፋዮች መዘርዘር ከተማሩ በኋላ ትልቁን የጋራ አካፋይ ሲጠየቁ ትልቁን አርቢ (በ2³ ላይ እንዳለው 3፣ ብቸኛው ቁጥር ስንት ጊዜ እንደሚባዛ የሚያሳየውን)፣ ትንሹን የጋራ ብዜት ሲጠየቁ ደግሞ ትንሹን አርቢ ይወስዳሉ። ደጋግሜ ባርምም ስሕተቱ ይመለሳል። ምን ባደርግ ይሻላል?

መልስ፦ ውድ መምህር፣ ተማሪዎችዎን ያሳሳታቸው ስሙ ራሱ ነው ብዬ አምናለሁ። «ትልቁ» የሚለውን ሲሰሙ ትልቁን ይመርጣሉ፤ «ትንሹ» ሲባሉ ትንሹን። ስሙ የሚናገረው ግን ስለ መጨረሻው ውጤት እንጂ ስለ አርቢዎቹ አይደለም፤ ይህ በግልጽ ካልተነገራቸው ደንቡን በቃላቸው ማጥናታቸው ብቻውን አያድናቸውም።

72ን እና 108ን ሰሌዳው ላይ ይጻፉላቸው። 72 ማለት 2³ × 3² ሲሆን 108 ማለት 2² × 3³ ነው። ትልቁን አርቢ የሚወስድ ተማሪ 2³ × 3³ ብሎ 216 ያመጣል። እዚህ ላይ ስሕተቱን ወዲያው ከማረም ይልቅ «216 ለ72 አካፋይ ሊሆን ይችላል?» ብለው ቢጠይቁ መልሱ ከተማሪዎቹ አፍ ይወጣል። ከዜሮ የሚበልጥ ቁጥር ከራሱ በሚበልጥ ቁጥር ያለ ቀሪ ሊካፈል አይችልምና፣ የጋራ አካፋይ ከትንሹ ቁጥር በፍጹም አይበልጥም። በተቃራኒው የጋራ ብዜት ከትልቁ ቁጥር በፍጹም አያንስም። ይህ ቀላል ማረጋገጫ ብዙዎቹን ስሕተቶች ከመጨረሻው መስመር በፊት ይይዛቸዋል።

ቀጥሎ ደንቡ የመጣበትን ምክንያት በ2 ላይ ብቻ ያሳዩአቸው። 72 ውስጥ 2 ሦስት ጊዜ፣ 108 ውስጥ ሁለት ጊዜ አለ። ሁለቱን የሚያካፍል ቁጥር በውስጡ ሦስት 2 ቢይዝ 108 ሦስተኛውን 2 ከየት ያመጣለታል? ሁለቱም የሚችሉት ሁለት ብቻ ነው፤ ስለዚህ ለጋራ አካፋዩ ትንሹ አርቢ ይወሰዳል። በ3 ላይም ነገሩ እንዲሁ ስለሆነ መልሱ 2² × 3²፣ ማለትም 36 ይሆናል። የ216 ቦታም የጋራ ብዜቱ ዘንድ መሆኑን በዚያው ያያሉ። ብቸኛ አካፋዩ በአንደኛው ቁጥር ብቻ የሚገኝ ሲሆን፣ በሌላው አርቢው ዜሮ እንደሆነ መንገርም ይጠቅማል፤ ያን ጊዜ «የማይጋሩትን ተው» የሚለው የተለየ ደንብ አያስፈልጋቸውም፤ ትንሹ አርቢ ዜሮ ስለሚሆን በራሱ ይወድቃል።

ጥያቄ፦ አንዲት የስምንተኛ ክፍል ተማሪ እንዲህ ስትል ጽፋልናለች፦ «ሁለት ቁጥሮች ሲባዙ የትልቁ የጋራ አካፋያቸውና የትንሹ የጋራ ብዜታቸው ብዜት እንደሚሆኑ ተምረናል። በ12፣ በ18 እና በ30 ስሞክረው ግን አልሠራልኝም። ትልቁ የጋራ አካፋያቸው 6፣ ትንሹ የጋራ ብዜታቸው 180 ነው፤ የሁለቱ ብዜት 1080 ይሆናል። ሦስቱ ቁጥሮች ሲባዙ ግን 6480 ይመጣል። የት ተሳሳትኩ?»

መልስ፦ ውድ ተማሪያችን፣ ስሌትሽ ሁሉ ትክክል ነው፤ የተሳሳትሽው ነገር የለም። የተማራችሁት ደንብ እውነት የሚሆነው ለሁለት ቁጥሮች ብቻ ነው፤ አንቺም በራስሽ ሙከራ ድንበሩን አግኝተሻል። ደንብን ከተሰጠበት ቦታ አውጥቶ መፈተን ሒሳብን በእውነት የሚማር ሰው ሥራ ነው።

ምክንያቱ ከላይ ለመምህሩ በሰጠነው መልስ ውስጥ አለ። ሁለት ቁጥሮች ሲኖሩ አንዱ ትንሹን አርቢ፣ ሌላው ትልቁን ይይዛል። የጋራ አካፋዩ ትንሹን፣ የጋራ ብዜቱ ትልቁን ስለሚወስዱ ከሁለቱ አርቢዎች ሳይወሰድ የሚቀር የለም። ሦስት ሲሆኑ ግን መካከለኛው አርቢ ወሳጅ ያጣል። በ12፣ በ18 እና በ30 ውስጥ የ2 አርቢዎች 2፣ 1 እና 1 ናቸው፤ ትንሹ 1 እና ትልቁ 2 ከተወሰዱ በኋላ አንድ 1 ይቀራል። የ3 አርቢዎች 1፣ 2 እና 1 ስለሆኑ እዚያም አንድ 1 ይተርፋል። የ5 አርቢዎች 0፣ 0 እና 1 ስለሆኑ የሚተርፈው 0 ነው፤ ምንም አልጠፋም። ስለዚህ የጠፋው አንድ 2 እና አንድ 3 ነው፤ ብዜታቸው 6 ነው። አንቺ ያገኘሽው 1080 በ6 ሲባዛ በትክክል 6480 ይሰጣል።

የሦስት ቁጥሮችን ትልቁን የጋራ አካፋይ ሳትዘረዝሪ ማግኘት ብትፈልጊ የሁለቱን አግኝተሽ ውጤቱን ከሦስተኛው ጋር አያይዢው። ለምሳሌ ለ252፣ ለ360 እና ለ210 ከመጀመሪያዎቹ ሁለት ጀምሪ። 360 ለ252 ሲካፈል 108 ይቀራል፤ 252 ለ108 ሲካፈል 36 ይቀራል፤ 108 ለ36 ያለ ቀሪ ይካፈላል። ከዚያ 36ን ከ210 ጋር ውሰጂ፤ 210 ለ36 ሲካፈል ቀሪው 30፣ 36 ለ30 ሲካፈል ቀሪው 6 ነው፤ 30 ደግሞ በ6 ያለ ቀሪ ይካፈላል። መልሱ 6 ነው። ከየትኛው ጥንድ ብትጀምሪ ያው ስለሆነ ቀለል የሚልሽን ምረጪ።

ጥያቄ፦ የ15 እና የ0 ትልቁ የጋራ አካፋይ ስንት ነው? እኔ 0 መስሎኝ ነበር፤ ጓደኛዬ ግን 15 ነው ይላል።

መልስ፦ ጓደኛዎ ትክክል ናቸው። ማንኛውም ቁጥር በ0 ሲባዛ 0 ስለሚሰጥ፣ 0 በ1ም፣ በ3ም፣ በ15ም፣ በሌላውም ሁሉ ያለ ቀሪ ይካፈላል። ስለዚህ በዚህ ጥንድ ውስጥ ምርጫውን የሚወስነው 15 ብቻ ነው፤ የጋራ አካፋዮቹ 1፣ 3፣ 5 እና 15 ሲሆኑ ትልቁ 15 ነው። «የጋራ አካፋይ ከትንሹ ቁጥር አይበልጥም» ያልነው ከዜሮ ለሚበልጡ ቁጥሮች መሆኑን የጠቀስነውም ለዚህ ነው። ሁለቱም 0 ሲሆኑ ግን ሁሉም ቁጥር የጋራ አካፋይ ስለሚሆን በመጠን ትልቁ የሚባል አይኖርም፤ የሒሳብ ሊቃውንት በስምምነት 0 ይሉታል። በመጀመሪያው መልስ 124ን በ31 አካፍለን ቀሪው ዜሮ ሲሆን የቀረን ጥንድ 31 እና 0 ነበር፤ በዚያ ቆመን 31ን እንደ መልስ የወሰድነው እርስዎ በጠየቁት በዚሁ ደንብ ነው።